እናቴ የምትሞላው ታንከር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ አሁንም ለራሴ ነው የማወራው፣ ፊቴ ግን ከወዲሁ ይግላል፣ ወንድሜ ሰው አገር ሞቷል፣ እናቴ አታውቅም፣ ወንድሜ ትቷት በሄደው አሮጌ መኪና ላይ አጎንብሶ የሚያፏጨው፣ እናቴ ያስመጣችው መካኒክም አያውቅም፣ እኔ የእጅ ባትሪ ይዤለት ቆሜያለሁ። እዚያ ከወንድሜ ጋር ይሠራ የነበረ ልጅ ነው የደወለልኝ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ለእናትሽ እንደሚሆን አድርገሽ ንገሪያት አለኝ፣ እሺ አልኩ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አፌ አልታዘዝ አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እስካሁን የት ነበርሽ ትለኛለች ብዬ አፈርኩ፣ ደወለ ወይ ስትለኝ ሰላም ብሎሻል እላታለሁ። ስንት ክረምት።

ሲመጣ ነዳጅ ፍለጋ እንዳይንከራተት ትላለች እናቴ፣ ጀሪካን ታሸክመኛለች፣ የሚነዳት ለሌላት መኪና፣ አዲሱን ቤንዚን በአሮጌው ላይ፣ እኔም እያወቅሁ እሸከማለሁ፣ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተትኩ ላስተምር ክፍል እገባለሁ።

መካኒኩ ከታንከሩ ሥር በብርጭቆ ቀድቶ ያሳየኛል፣ ቡናማ፣ ዝልግልግ። ይሄ እኮ ቤንዚን አይደለም እህቴ፣ ቫርኒሽ ነው፣ በር ቀቢበት፣ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ምን ሆኜ ነው የምስቀው። ፊልትሮው በዝገት ተደፍኗል፣ ይቀይረዋል፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ያጥባል፣ እምቢ፣ ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ በአፉ ይነፋል፣ አያሳልፍም፣ ይተፋል። ቆይ፣ ታንከሩን እንለፈው። ንጹሕ ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ኮፈኑ ላይ ይሰቅላል፣ በቀጭን ጎማ ወደ ካርቡሬተሩ ይለቀዋል፣ ለበሽተኛ ግሉኮስ እንደሚሰቀለው፣ አሁን ከተነሳች ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ነዳጅ ነው ያልደረሰው፣ ግቢና ቁልፉን አዙሪው እህቴ። እገባለሁ፣ አትነሺ፣ በእናትሽ አትነሺ፣ አዞራለሁ።

ትነሳለች።

ግቢው ጭስ በጭስ፣ ያ ድምፅ፣ እሱ ከሥራ ሲገባ በር ላይ የምንሰማው ድምፅ፣ እናቴ በባዶ እግሯ በረንዳው ላይ፣ ሻሿ ወልቆ፣ መጣ? ልጄ መጣ? የሹፌሩን ወንበር ታያለች፣ እኔ ነኝ ያለሁበት፣ ፊቷ ሲወድቅ አያለሁ፣ አምላኬ፣ ሙከራ ነው እማ፣ ሙከራ። እንኳን ደስ ያለዎት እማማ፣ ይላል መካኒኩ፣ ነገ ታንከሩን አውርጄ ካጠብኩት ልጅዎ ይንዳት። ትስቃለች፣ እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች፣ በይ ደውዪለት፣ መኪናህ ተነስታለች በዪው፣ አሁን ምን ሰበብ አለው።

ደውዪለት።

ጠርሙሱ ያልቃል፣ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ይጠፋል፣ ግቢው ጭር። ነገ፣ እላታለሁ፣ ነገ እደውላለሁ፣ ሰላም ብሎሻል የሚለው ውሸት እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር፣ አሁን ልብስ እያወጣች ነው፣ የሱን ሸሚዞች፣ ይተኮሱ ትላለች።

ጠዋት መካኒኩን ከበር መለስኩት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ደወልሽለት? እጇን ያዝኩ፣ ሞቷል እማ። እጇን ከእጄ አወጣች።

መቼ? አለችኝ።

እሱንም ነገርኳት።