ያልቆመው ታንኳ

ታንኳው ጭቃው ላይ ተጋድሟል። ላነሳው ብሞክር አልነቃነቅ አለኝ፤ የተሠራበት ደንገል ሌሊቱን ውሃ ሲጠጣ አድሯል።

ፎገራ ሜዳ ላይ ታንኳ ከውሃ በወጣ ቁጥር እስኪደርቅ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ይህን እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቃል። ትናንት አመሻሽ በታንኳው የተመለሱት አባቴ ናቸው።

«አባየ፣ አላቆሙትም!»

«ረሳሁታ።»

«እርስዎ? ታንኳ ማቆም?»

«እርጅና ነው። ውሃው ሲጎድል ትሄጃለሽ፤ ምን ያስቸኩልሻል?»

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የማቀርበው ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ነው፤ የክረምቱ ጎርፍ ደግሞ መንገዱን ቆርጦታል። ካመለጠኝ ዓመቱን እዚሁ ነኝ። ካለፍሁ ግን ወደዚህ ለመኖር አልመለስም። ይህንንም ያውቃሉ።

ጥናቴ ስለ ፒትኬርን ነው፤ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ስላለች ቁራጭ ደሴት። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በአለቃቸው ላይ ያመፁ እንግሊዛውያን መርከበኞች ከታሂቲ ሴቶችና ወንዶች ጋር ሰፈሩባት። ቦታዋ ካርታ ላይ ተሳስቶ ስለነበር ፈላጊ አላገኛቸውም። የመጡባትን መርከብም ራሳቸው አቃጠሏት።

ይህን ሳወራላቸው አባቴ «ብልሆች!» ብለው ነበር።

ሴቶቹ ግን ቆይተው መሄድ አማራቸው። ጀልባ ሠሩ፤ ከዳር ሳይርቁ ተገለበጠባቸው።

«ይኸውልሽ!» አሉ ያን ጊዜ አባቴ።

ለጥናቴ ብዬ የነገርኋቸውን እሳቸው ለሌላ ነገር ይዘውት ኖሯል፤ ታንኳውን አልረሱትም።

ከቤታችን በታች አብሮ አደጌ ባየህ ከብቶቹን በጎርፉ ውስጥ ወደ ወረታ መንገድ ሊያሻግር እየነዳ ነው። ሮጥሁ።

«ባየህ፣ ዳልቻን ስጠኝ!»

«በሬዬን? ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይኼን ነው?»

«ጅራቱን ብቻ።»

«በይ ነይ። አልቅቱም የተማረ ደም አላገኘ።»

ጥናቴ ያለበትን ፍላሽ በፌስታል ቋጥሬ ሹሩባዬ ውስጥ ሸጎጥሁ፤ ጫማዬን አንገቴ ላይ አንጠለጠልሁ። ውሃው ደረቴ ደረሰ። ቀጥሎ እግሬ መሬት አጣ። ዳልቻ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይዋኛል፤ እኔ በሁለት እጄ ጅራቱን አንቄያለሁ።

ከኋላዬ የአባቴ ድምፅ መጣ። «ተመለሽ» የሚሉኝ መስሎኝ ጥርሴን ነከስሁ።

«አትጎትችው! ላላ አርገሽ ያዥ! እግርሽን ዘርጊ!»

ላላ አደረግሁ። ዳልቻ ወዲያው ፈጠነ።