ካሜራው ያሳበቀባት ሎሚ

ልጅቷ በምታድግበት በአክስቷ ፎቶ ቤት ሁለት ካሜራ ነበር፤ አንዱ ጤነኛ፣ አንዱ ወንድሟ ፈታትቶ «ያበላሸው»። ያበላሸው የምትለው አክስት ናት እንጂ፣ እሱስ ኢንፍራሬድ የሚሉትን፣ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን የሚከለክለውን ስስ መስታወት ነው ከውስጡ ያወጣው። ከዚያ ለሥራ ብሎ ሩቅ ሄደ፤ ስልኩም ዝግ ሆነ።

አክስት ሆዬ አንድ ቀን ተሳስታ ያንን ይዛ ሠርግ ሄደች። የሙሽራው ጥቁር ሱፍ የወይን ጠጅ የመሰለ ቀይ ሆኖ ወጣላችሁ!

«ሰውዬውን መጋረጃ አስመሰልሽው እኮ!» አለች ልጅቷ በሳቅ እየፈረሰች።

«ዝም በይ፣ ምላሳም! ይሄን ጉድ ከፊቴ አንሺልኝ።»

ካሜራው በዚህ የእሷ ሆነ። የሚነሳላት ሰው ግን ከየት ይምጣ? ወንድሟ ትቶት የሄደውን፣ የማይታየውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈውን ጥቁር መስታወት ሌንሱ ላይ ገጥማ ጓሮውን አነሳች። ሣሩም የጎረቤት ዛፍም ጥጥ የለበሰ ይመስል ነጭ ሆነ። እናቷ ሳትሞት የተከለቻት ሎሚ ብቻ ጠቆረች።

ልጅቷ ክው አለች። «የታመመ ቅጠል ገና አረንጓዴ ሳለ እዚህ ላይ ይጠቁራል» ይላት ነበር ወንድሟ።

«አክስቴ፣ ሎሚዋ ልትሞት ነው።»

«ይቺ አረንጓዴዋ? ማን አለ?»

«ካሜራው።»

«ካሜራውማ ሱፉንም ቀይ ነው ብሏል!»

ልጅቷ ሄዳ የሎሚዋን አፈር ብታሸተው ሳሙና ሳሙና አለ። አክስቷ ልብስ ባጠበች ቁጥር ሳፋውን የምትገለብጠው እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ አክስቷን እየቀደመች ሳፋውን ፍሳሽ ቱቦው ውስጥ ትገለብጠው ጀመር፤ ሎሚዋን ንጹሕ ውሃ ታጠጣለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ታወራታለች። ሎሚዋም እንደ ወንድሟ፣ ዝም።

ውሎ አድሮ ቅጠሉ እየረገፈ መጣ። አክስት አንዱን አንስታ ብዙ አገላብጣ አየችው። በሚቀጥለው አጠባ ሳፋውን ይዛ ሎሚዋ ጋ ስትደርስ ቆም አለችና፣ በራሷ እግር ወደ ቱቦው ታጠፈች።

ከግንዱ ሥር ለጋ ቅጠል ብቅ ሲል ልጅቷ በካሜራው አነሳችው። ጥጥ የመሰለ ነጭ! ፎቶውን በስልክ ለወንድሟ ላከችው። አልደረሰም። ደግማ ላከችው።

«ለማን ነው?» አለች አክስት ከበሩ።

«ለማንም።»

አክስት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። «እስቲ ለኔ አሳዪኝ።»