ፊርማ አይጠፈጠፍም

ሪሀና ቃሲም እንቢ ማለትን የተማረችው በዚያ ማለዳ አይደለም፤ ከእናቷ ሆድ ይዛው ሳትወጣ አልቀረችም። ከሚሴ ባለው የውሃ ፕሮጀክት ቢሮ የሰነድ ሠራተኛ ናት። አለቃዋ አቶ አምባዬ ጠረጴዛዋን ተደግፈው፣ «ሦስቱን ቃለ ጉባኤዎች ጠፍጥፈሽ አንድ ፋይል አድርጊያቸው። እስከ ስድስት ሰዓት አዲስ አበባ ካልደረሱ በጀቱ ይመለሳል» አሏት።

ቃለ ጉባኤዎቹ ላይ የየመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች በየራሳቸው የምስጢር ቁጥር በታብሌት ፈርመውባቸዋል። ፋይሉ ሲከፈት ፊርማው አጠገብ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል፤ ከተፈረመ ወዲህ አንዲት ፊደል ብትነካ ምልክቱ ቀይ ይሆናል። ሪሀና በቅጂው ላይ ሞክራ አየችው። ሲጠፈጠፍ፣ ማለትም ገጹ እንደ ፎቶ አንድ ወጥ ሲደረግ፣ ፊርማው ሥዕል ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ምልክቱ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ከፊርማው በላይ ያለውን ማንም እንዳሻው ቢለውጠው የሚያሳብቅበት የለም።

አቶ አምባዬም የፈለጉት ይህንኑ ነበር። «ስታዋህጂው የቡርቃ መንደርን የውሃ ጉድጓድ ቦታ ‹አስፋልት ዳር› በይው። እንግዶች መኪና አቁመው የሚያዩት ቦታ ይሻለናል።»

የሪሀና ደም ፈላ። የቡርቃ ሴቶች ውሃ ለመቅዳት ሁለት ሰዓት ይሄዳሉ፤ አስፋልቱ ደግሞ ከዚያም ይርቃቸዋል።

«ኩበት ይጠፈጠፋል እንጂ ፊርማ አይጠፈጠፍም፣ አቶ አምባዬ። ቦታው ከተለወጠ ሰብሳቢዋ መጥተው እንደገና ይፈርሙ።»

«ይምጡ! አንዲት የገጠር ሴትዮ ታቆመኛለች ብለሽ ነው?»

ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበረ የቡርቃዋ ሰብሳቢ እማማ ፋጡሜ ከተማው ውስጥ ነበሩ። ሲደወልላቸው ወዲያው መጡ።

«አካም ጅርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው ገቡ። ሪሀና አቶ አምባዬ ቦታውን የለወጡበትን ወረቀት አነበበችላቸው። «አስፋልት ዳር» የሚለው ላይ ስትደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ቁሚ ልጄ። እኛ ነገሩን ሁሉ ተነጋግረን ጨርሰን፣ በስተመጨረሻ ዱዓ አድርገን ነው የተነሳነው። አሚን ከተባለ ወዲህ አይጨመርም፣ አይቀነስም። ቡርቃ ተብሎ ነው አሚን ያልነው።»

«ካልፈረሙ ጉድጓዱ ጭራሽ ይቀራል» አሉ አቶ አምባዬ።

ሪሀና እዚህ ላይ ፈራች። እሷ እልኳን ስትወጣ ቡርቃ ያለ ውሃ ሊቀር ነው።

«ይቅራ!» አሉ እማማ ፋጡሜ። «ወላሂ አልፈርምም። ውሃ ከሩቅ መሸከም ለምደናል። ያላልኩትን በስሜ ግን አትጽፉም።»

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆነ። አቶ አምባዬ ሰዓታቸውን አዩ፣ ጣራውን አዩ። በጀቱ ቢመለስ በበላይ ፊት የሚቆሙት እሳቸው እንጂ እማማ ፋጡሜ አይደሉም።

«እንዳለ ላኪው» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ሪሀና ሦስቱን ፋይሎች ምንም ሳትነካቸው መሸኛ ደብዳቤው ውስጥ በአባሪነት አስገባቻቸው። አንድ ፋይል ሆኑ። አንድ በአንድ ከፍታ አየች፤ ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው። አሁን የቀረው መሸኛው ላይ የአለቃው ፊርማ ነበር። ታብሌቱን አቀረበችላቸው። «ጉድጓዱ ቡርቃ ይቆፈራል» የሚል መስመር በጉልህ ጨምራበታለች።

«ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?»

«ከፈረሙበት ወዲያ ማንም እንዳይነካው ነው። እርስዎም ጭምር።»

እማማ ፋጡሜ ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። «በሉ፣ አንቱም ፈርሙ። እስክትፈርሙ አልነሳም።»

አቶ አምባዬ የምስጢር ቁጥራቸውን ሁለቴ ተሳሳቱ፤ በሦስተኛው ገባላቸውና ቡርቃ ከሚለው መስመር ሥር ፈረሙ።