በፋው መንገድ ላይ የተዘረጋው ጥምጥም

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። አህያው ጋ ስንደርስ የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ። እኔ ግን የጨመርኩት የለም። ብዋሽ የገዳሪፍ ዋልካ እስከ ጉልበቴ ሳይሆን እስከ ቆቤ ይዋጠኝ።

ጋረደው ሱዳን ውስጥ ከፋው ከተማ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው አስፋልት ላይ ፒክአፗን እየነዳ ፀሐይዋን በስፖኪዮ ያያት ነበር። ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ ሾፌር ማምሻ ላይ ፀሐይ ከኋላ ናት። ያን ዕለት ደግሞ ቀልታ፣ ዝቅ ብላ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሞተር ተከተለችው። ነዳጅ ሲረግጥ እሷም የምትረግጥ መሰለው።

ከጎኑ የተቀመጡት ሃጂ ከማሉ ናቸው፤ የፒክአፗ ጌታ፣ የመተማ ሰው፣ የገዳሪፍ ነጋዴ። ሱዳን ከገቡ ወዲህ ጢማቸው ሁለት ጊዜ ቀለም ቀይሯል፤ አንዴ በሽበት፣ አንዴ በሂና። ሾፌር አይበረክትላቸውም። አንዱን ፈጠነ ብለው አወረዱት፤ ሌላውን ተጎተተ ብለው፤ ሦስተኛውን ያወረዱት ፍሬን ሲይዝ ስላስነጠሰ ነው ይባላል። ጋረደውን የያዙት ለሙከራ ነበር። ጠዋት ቁልፉን ሲሰጡት መዳፉ ላይ አላስቀመጡለትም፤ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው እንዲህ አሉት፦

«የመግሪቡን፣ የማምሻውን አዛን ገዳሪፍ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ካሰማኸኝ ቁልፉ ያንተ ነው። መንገድ ላይ ከሰማሁት ግን ወርደህ ወደ ጆንያህ።»

ጆንያው የሰሊጥ ጆንያ ነው። ጋረደው ገዳሪፍ ከመጣ ጀምሮ በሰሊጥ ገበያው ሲሸከም ኖሯል። ከጎንደር ያመጣውን መንጃ ፈቃድ በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ሌላው ሰው ክታብ እንደሚይዘው። ጆንያ ከትከሻው ሲያወርድ ሁሉ በእጁ ዳበስ ያደርገዋል፤ ሾፌር መሆኑን እንዳይረሳ።

ነገሩ ገና ከፋው ተበላሸ። ሃጂ ለውዝ ሊገዙ ሄደው ሻጩ ሰላምታ አበዛ። ስለ ጤና ጠየቀ፣ ስለ ልጆች ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ተመልሶ ስለ ጤና ጠየቀ። ሰላምታው ብቻ የገዳሪፍን ግማሽ መንገድ ያህል ጊዜ በላ። ሲነሡ ጥላዎች ረዝመው ነበር።

ጋረደው የሱዳንን መንገድ እንደ አዲስ ነው የተማረው። ጎንደር ሲማር ፍሬቻ ማለት መታጠፊያ ማሳያ ነው። እዚህ ግን የከባድ መኪና ሾፌር መታጠፊያ በሌለበት ሜዳ ላይ የቀኝ ፍሬቻ ካበራ «ነጻ ነው፣ እለፈኝ» ማለቱ ነው፤ የግራውን ካበራ «ቆይ፣ ከፊት የሚመጣ አለ»። አምስት ጣቱን ገጥሞ ወደ ላይ ካሳየህ ደግሞ «ቀስ በል» ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጋረደው በተዋሰው መኪና ግመል የጫነ ካሚዮን ሲከተል፣ ፍሬቻ ባየ ቁጥር እስኪታጠፍለት እየጠበቀ ሳይወድ ከሰላ ከተማ ገብቷል። ይህን ከሰላ ያዩት ሰዎች ይመሰክራሉ። አሁን ግን ሁሉንም አውቄዋለሁ ብሎ ነበር። ያላወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በረመዳን፣ በማፍጠሪያ ሰዓት፣ በዚያ መንገድ ነድቶ አያውቅም።

ረመዳን ክረምት ላይ የዋለበት ዓመት ነበር። ፍልሰታም አብሮት ገብቷል። ስለዚህ በአንዲት ፒክአፕ ውስጥ ሁለት ጾም ተሳፍሯል። ጋረደው እንደ ሃይማኖቱ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊቀምስ ይችል ነበር፤ ግን ምራቃቸውን እንኳ ለመዋጥ በሚጠራጠሩ ሽማግሌ አጠገብ ማን ያኝካል? እሱም አፉን ዘግቶ ዋለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱ አበደ። ሁሉም ወደ ቤቱ፣ ወደ ማዕዱ ይሮጣል። አንድ ነጭ አውቶቡስ በግራው ሽው ብሎ ሲያልፈው ፒክአፗ እንደ ጀልባ ተወዛወዘች። ጋረደው በተፈጥሮው ረጋ ያለ ነጂ ነው፤ ዶሮ ሲያቋርጥ የሚቆም። ግን የሰሊጥ ጆንያው ትከሻው ላይ ከበደውና አውቶቡሱን ተከትሎ ረገጠ። እግሩ የሱ አልመስልህ አለው። ሃጂ ያን ጊዜ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ማንኮራፋታቸው ከሞተሩ በልጦ፣ ራሱን ችሎ ማርሽ የሚቀይር ይመስላል።

ከዚያ አየ።

ከፊቱ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ፣ አንድ ረጅም ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል። ግራና ቀኝ ጫፉን የያዙ ሰዎች አሉ። ከኋላቸው ጀለቢያ የለበሰ ሕዝብ፣ ዱላ የያዘም አለ፣ እጁን የሚያወናጭፍም አለ። ጋረደው ይህን ከዚህ በፊት አይቶታል። ድሮ በሸኸዲና በመተማ መካከል የካሚዮን ረዳት ሳለ፣ ልክ በዚህ ሰዓት፣ ሽፍቶች ልክ እንዲህ መንገድ ላይ ገመድ ወጥረው አስቁመዋቸው ነበር። ጭነቱን ወሰዱ፣ ጎማውን ወሰዱ፣ የሾፌሩን ጫማ ሳይቀር ወሰዱ። እስከ ሸኸዲ በካልሲ ነው የተጓዙት።

አንድ ድምፅ በጆሮው «ንዳው፣ ሽፍታ ነው» አለው። የልቡ ድምፅ መሆን አለበት።

መሪውን ወደ ቀኝ ቆለመመና መንገዱ ዳር ያለው የማሽላ እርሻ ውስጥ ገባ። የማሽላው አገዳ መስተዋቱን እየገረፈ ያልፋል። ዝናብ የጠገበ ዋልካ ጎማዋን እንደ ሊጥ ያዛት። መኪናዋ ወደ ፊት ልትሄድ ትፈልግና ወደ ጎን ትሄዳለች። ሃጂ ጭንቅላታቸው ጣሪያውን እየመታ ያንኮራፋሉ። ጋረደው በስፖኪዮ ሲያይ ሰዎቹ አልቀሩም፤ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ይከተሉታል። አንዱ በእጁ የያዘው ነገር ማምሻው ላይ ብልጭ ይላል፤ አፈሙዝ ነው። ከሁሉ ፊት ግን በአህያ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ይመጣል፤ ጭንቅላቱ ላይ ትልቅ ክብ ነገር ተሸክሟል።

ጋረደው ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። ሞተሩ ጮኸ፣ ጭቃው ወደ ሰማይ ተረጨ። አህያው ከኋላ መጣ፣ ጎን ለጎን ሆነ፣ በመስኮት ጋረደውን ገልመጥ አድርጎ አየው፣ አለፈው። ከዚያ ከፊቱ ቆመ። ፒክአፗም እስከ አክስሏ ሰጥማ ጸጥ አለች።

ጋረደው ቁልፉን ነቀለ። ቀኑን ሙሉ የተመኘው ቁልፍ ነው። እጁን ወደ ላይ አድርጎ ወረደና፣ ባለችው ትንሽ አረብኛ እየተንተባተበ ዘረጋላቸው።

«መኪናውን ውሰዱ። ሽማግሌውን ግን አትንኩብኝ።»

ባለ አህያው ሽማግሌ ሁዜይፋ ይባላል፤ የመንደሩ ትልቅ ሰው ነው። ጭንቅላቱ ላይ የተሸከመውን ትሪ አወረደ። አሲዳው፣ ማለት የማሽላ ገንፎው፣ አልተነቃነቀም፣ ወጡም አልፈሰሰም። አፈሙዝ የመሰለው የውኃ ማንቆርቆሪያ አንገት ነበር። ሁዜይፋ ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

«ከበላህ በኋላ» አለው።

ያን ጊዜ አዛኑ ከመንደሩ ተሰማ። ጋረደው በደረት ኪሱ ያለውን መንጃ ፈቃድ ዳበስ አደረገው። አበቃ፤ ወደ ጆንያው።

መንገዱ ዳር በተነጠፈ ሰሌን ላይ አስቀመጧቸው። ሃጂ ዓይናቸውን እያሹ ወረዱ፤ ቴምር አነሡ፤ ጋረደውን ቀና ብለው አላዩትም። የመንደሩ ሰዎች ግን ሳቅ ሊገድላቸው ነበር። ከጠላት የሸሸ ሰው አይተዋል፤ ከእራት የሸሸ ሰው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። በረመዳን መንገደኛ ሳያፈጥር በደጃቸው እንዳያልፍ ጥምጥማቸውን ፈትተው መንገድ መዝጋት የአባቶቻቸው ልማድ መሆኑን፣ እየተቀባበሉ ነገሩት። አንዱ ሥጋ ያለበትን ወጥ ሲያስጠጋለት ጋረደው እጁን ሰበሰበና እሱም ጾመኛ መሆኑን፣ የሱ ጾም ግን ሌላ መሆኑን አስረዳ። ሁዜይፋ ግራ ሳይጋባ ባቄላ በሰሊጥ ዘይት አስመጣለት።

«ሁለት ጾመኛ በአንድ መኪና፣ እና ትሸሻላችሁ» አለ። «ለመሆኑ ሽሽ ያለህ ማነው?»

ሃጂ የያዙት ቴምር አፋቸው ደጃፍ ላይ ቆመ። በዚያ አገር፣ በረመዳን፣ ከሰው ማዕድ ሸሸ ተብሎ ስሙ የወጣ ነጋዴ ገበያ መሃል እንዴት እንደሚቆም ጋረደው ያውቃል። የሃጂን በሂና የቀላ ጢም አየ።

«እኔው ነኝ» አለ። «ሃጂ ተኝተው ነበር።»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ሃጂ ቴምሩን በጣም በዝግታ አኘኩት።

ባቄላው ሳያልቅ አንድ ሰው በብስክሌት ደረሰ። እዚህ ጥምጥሙ ሳይወጠር ያለፈው ያ ነጭ አውቶቡስ፣ ከፊት ያለውን መንደር ጥምጥም በጎን አምልጦ፣ ቦይ ውስጥ አፍንጫውን ደፍቷል። ሰው አልተጎዳም፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሾፌሩን እየረገመ ነው። ሁዜይፋ ትሪ እንዲጫንላቸው አዘዘ። ሃጂ ከማሉ መንገዱን ትክ ብለው አዩ፤ ጋረደው አውቶቡሱን ሲከተል የነበረበትን መንገድ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ከሁዜይፋ ተቀበሉ፣ ጥቂት አገላበጡት፣ እና አላንጠለጠሉትም። የጋረደውን መዳፍ ይዘው ውስጡ አስቀመጡት፣ ጣቶቹንም አጠፉለት።

«አዛኑን መንገድ ላይ ሰሙት እኮ» አላቸው ጋረደው በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ።

«ሰማሁ» አሉ ሃጂ። «ባቄላህን ብላ።»

ብርሃኑ ሊያልቅ ሲል ከገዳሪፍ በኩል መብራት ታየ። ካሚዮን ነው፤ ይከንፋል። ሁዜይፋ «ከሁሉ የሚርበው የዘገየ ሰው ነው» እያለ ተነሣ፤ የጥምጥሙን ጫፍ ለጋረደው አስያዘው። «ሸሽቶ ያየ ሰው የሚሸሽ ሰውን ልብ ያውቃል» አለው። ጋረደው በአንድ እጁ ቁልፉን፣ በሌላው ጥምጥሙን ይዞ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ጨርቁ ሞቃት ነው፤ የሰው ጭንቅላት ሙቀት አልለቀቀውም።

ካሚዮኑ ቀረበ። ታርጋው የኢትዮጵያ ነው። ከፊት መስተዋቱ ኋላ ያለው የሾፌሩ ፊት ዓይኑ ፈጥጧል፤ ጋረደው ያን ዓይን ያውቀዋል፤ ማሽላው ውስጥ በስፖኪዮ ያየው የራሱ ዓይን ነው። ሾፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ሊቆለምም ትከሻው ሲያዘነብል ታየው። ጋረደው አምስት ጣቱን ቁልፉ ላይ ገጥሞ ወደ ላይ አነሣ፣ ባለው ድምፅ ሁሉ በአገሩ ቋንቋ ተጣራ፦

«ወንድሜ፣ እራት ነው!»

የካሚዮኑ መብራት ፊቱ ላይ ወደቀ። ፍሬኑ ይሁን ማርሹ፣ አንድ ነገር አቃሰተ።

መቼም መጨረሻ ላይ መናዘዝ አይቀርም፤ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። አህያው አይደለም፤ አህያው እውነት ነው። የጨመርኩት የሃጂን ማንኮራፋት ነው። በዚያ እርሻ ውስጥ ማንም አያንኮራፋም። ያ «ንዳው፣ ሽፍታ ነው» ያለው ድምፅም ከጋረደው ልብ ሳይሆን ከሃጂ ቀይ ጢም ውስጥ የወጣ ነው። ግን ጋረደው ያን ዕለት ሰሌኑ ላይ፣ በሕዝብ ፊት አስተኝቷቸዋል፤ እኔም መቀስቀሱ ከበደኝ።