የታጠፈው መስመር

መሐንዲሱ ችካሉን በሁለት እጁ ይዞ ሲወዘውዘው ቀያሿ ሮጣ ደረሰችና ክንዱን ያዘችው።

«ልቀቀው! ማዘጋጃ ቤቱ የተከለው ነው።»

«እኔም የተላክሁት ማዘጋጃ ቤቱ የተከለውን ልነቅል ነው፣ እህቴ።»

ከዋናው ከተማ ማልዶ የተነሣ የመንግሥት ሰው ነው። ከብብቱ ማኅደሩን አውጥቶ ደብዳቤውን አሳያት። ከነገ ጀምሮ ከተሞች ረግረግ የሚጠብቁበት የራሳቸው ደንብ ተሽሯል። የእሷ ከተማ ደንብ ቄጠማው ካበቃበት መቶ ሜትር ድረስ አፈር መሙላትም ሆነ መገንባት ይከለክላል። የመንግሥት ደንብ የሚለካው ግን ከሚታይ ውሃ ነው፤ ያውም በምርመራው ቀን ከታየ። ምርመራው ደግሞ በበጋ እኩሌታ ሆነ።

«ውሃው የታለ? አሳዪኝና ችካልሽን ልተውልሽ።»

ቀያሿ ደርቆ የተሰነጣጠቀውን ጭቃ አየች።

«ክረምት ና፣ እኔ ዘንድ ታገኘዋለህ» አሉ እናቷ ከአጥራቸው ማዶ። ቤታቸው ከረግረጉ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። «አምና አልጋዬን ወስዶ እግሩን ዘርግቶ ተኛ፤ እኔ ጠረጴዛ ላይ አደርኩ።»

መሐንዲሱ ሳቀ። ቀያሿ አልሳቀችም። ረግረጉ በአፈር ከተሞላ የሚመጣው ክረምት ውሃ አልጋ ብቻ ወስዶ አይመለስም፤ ቤቱን ይዞት ይሄዳል።

«እናንተ እዚያ ፎቅ ላይ ተቀምጣችሁ ምን ታውቃላችሁ?» ጮኸችበት። «ቦታውን የምናውቀው እኛ ነን!»

«አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ እንጂ!» ጣቱን ረግረጉ ዳር ወዳለው ብሎኬት ማምረቻ ቀሰረ። «መስመራችሁ እዚያ ሲደርስ ምን ነክቶት ታጠፈ? ቄጠማው ባለቤቱን፣ የምክር ቤቱን ሰብሳቢ ወንድም፣ አይቶ ሸሸ?»

እናቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የለካሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«እና?»

«እጠፊው አሉኝ፤ አጠፍኩት።»

ሰውየውን በጥፊ ብትለው በወደደች። እንዲህ ያስጠላት እውነቱን ስለተናገረ ነበር።

«ለካ ለዚህ ነው» አሉ እናቷ ቀስ ብለው፣ «አምና ውሃው እነሱ አፈር በሞሉበት በኩል የገባብኝ።»

መሐንዲሱ ቅጹን ዘረጋላት። «ውሃ አልታየም ብለሽ ፈርሚና እንገላገል።»

«ደንባችን የሚሻረው ከነገ ነው አልከኝ?»

«ከነገ ጠዋት።»

«እንግዲህ ገና ረፋድ ነው።»

ቅጹን ሳትነካ ከመኪናዋ መዶሻና አንድ እቅፍ ችካል አወረደች፤ ወደ ብሎኬት ማምረቻው አቀናች።

«አብደሻል? ለአንድ ቀን መስመር ለማቃናት ብለሽ ከአለቃሽ ልትጣዪ?» አለ መሐንዲሱ ከኋላዋ። «እንጀራሽ እኮ ነው!»

የማምረቻውን በር በእግሯ ገፋ አድርጋ ከፈተችው። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ቀጥ አሉ።

«እማዬ» ብላ ተጣራች፤ «ነይ፣ የሜትሩን ጫፍ ያዢልኝ።»