አራት ጣት የጎደለው ገንዳ

ሌሎቹ ጋዜጠኞች ዋናተኛ ከውሃ ስትወጣ ማይክ ይደቅኑና «ምን ተሰማሽ?» ይላሉ። ምን ሊሰማት ኖሯል? ትንፋሽ አጥሯታል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፎጣዋን ትፈልጋለች። እኔ «ስንት ቀዘፍሽ?» ነው የምለው። ይህን ያስተማረኝ የለም። የመዋኛ ገንዳው ቲኬት ቆራጭ ሆኜ ሦስት ዓመት ስቀመጥ በመስኮቴ የሚታየኝ ውሃው ብቻ ነበርና መቁጠር ለመድኩ። በኋላ የውድድር ውጤት ለአንድ ሳምንታዊ የስፖርት ጋዜጣ በስልክ መንገር ጀመርኩ። ያቀበልኩት ሁሉ «ከዘጋቢያችን» እየተባለ ሲወጣ አዘጋጁ ቢሮ ድረስ ሄጄ «ዘጋቢያችሁ ስም አላት» አልኩት። ይኸው ዛሬ የዋና ስፖርት ገጹ የኔ ነው። «የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ» እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይሙኝ፤ እነሱ ተምረው ያላዩትን ነው እኔ ያየሁት።

ገንዳው ለእድሳት አምስት ወር ተዘግቶ ከረመና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ሴራሚክ ለብሶ በውድድር ተከፈተ። የፌዴሬሽኑ ኃላፊ ሪባን ቆረጡ። ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተቆጣጠሩት ራሳቸው መሆናቸውን ሦስት ጊዜ ተናገሩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ በሴቶች መቶ ሜትር የእንቁራሪት ዋና ሽቦ ገባች። ሽቦ የምንላት በቅጥነቷ ነው፤ በጸባይዋ ግን እንደ ሽቦ በቀላሉ አትታጠፍም። ግድግዳውን ስትነካ ሰሌዳው አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ ከሠላሳ ስድስት አለ። ለታላቁ ሻምፒዮና የሚያሳልፈው ሰዓት አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ከአርባ ነው። በአራት መቶኛ ሴኮንድ አለፈች ማለት ነው። ምዝገባው የሚዘጋው በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ነበር። ሽቦ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሚቀጥለው ሻምፒዮና ሲደርስ ሠላሳ ይሞላታል። ለዋናተኛ ሠላሳ ምን እንደሆነ ጉልበቷን ጠይቁት።

ሻወሩ ደጃፍ አግዳሚው ላይ አገኘኋት። አሰልጣኟ አጠገቧ ቆመው ላገኙት ሰው ሁሉ ስልክ ይደውላሉ።

«ስንት ቀዘፍሽ?»

«እንደወትሮው። መሄጃውን ሃያ ሁለት፣ መመለሻውን ሃያ ስድስት።»

«ታዲያ ያለፈ ሰው ፊት እንዲህ ነው?»

«ግድግዳው ቀደመኝ።»

«እንዴት ብሎ?»

«መጨረሻዋ ቀዘፋ ላይ እጄን ዘርግቼ ሳልጨርስ መታሁት። እይው።» የመሀል ጣቷ አብጧል። «ስዞርም እንደዚያው። ይህችን ታህል ትቀረኛለች» ብላ አራት ጣቷን ገጥማ አሳየችኝ።

አሰልጣኙ ስልካቸውን ከጆሯቸው አነሱ። «ጉልበት ጨምራ ነው፣ ልጄ። ስድስት ወር ብረት ያስነሳኋት ለጌጥ መሰለሽ?»

ነገሩ ግን ከነከነኝ። የጀርባ ዋናተኛዋን ጠየቅኳት። በጀርባ የሚዋኝ ሰው ግድግዳውን ስለማያይ ከላይ የተሰቀለውን ባንዲራ ሲያልፍ መቁጠር ይጀምራል። «አምስት ስል ነበር የምነካው፤ ዛሬ አምስት ሳልል አናቴን አለኝ» ብላ እብጠቷን አስዳሰሰችኝ። የሁለት መቶ ሜትሩ አሸናፊ ደግሞ ሲዞር ተረከዙን ልጦታል።

«ሁላችሁም በአንድ ጠዋት ጎለመሳችሁ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ገንዳው ነው የወደደን» አለኝ።

ሰዉ ሲበተን ወደ መሰላሉ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። መሰላሉ የሚገባበት ጥግ ላይ ነጩ ሴራሚክ ያልቃል፤ ከሥሩ ሲሚንቶ፣ ከሲሚንቶው ሥር ደግሞ የማውቀው አሮጌ ሰማያዊ ሴራሚክ። አሮጌውን ፍቆ ማንሳት ታክቷቸው በላዩ ላይ ለጥፈውበታል። ወጥ ቤት ቢሆን ማንም ነገሬ አይለውም። የውድድር ገንዳ ግን ከሃምሳ ሜትር በጥቂት ቢበልጥ እንጂ በአንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ እንዲያንስ አይፈቀድለትም። እነዚህ ከሁለቱም ጫፍ አወፍረውታል።

ሰኞ ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ያየሁትን ነገርኳቸው። ከጀርባቸው ሪባን ሲቆርጡ የተነሱት ፎቶ ከወዲሁ ተሰቅሏል።

«ግፋ ቢል ስድስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስድስት ሴንቲ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ለእርስዎ ምንም አይደለም። ደርሶ መልስ ሲዋኝ አሥራ ሁለት ነው፤ በሽቦ ፍጥነት ወደ ዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ ይመጣል። ያለፈችው በአራት ነው።»

«ማን ሜትር ይዞ ይመጣል ብለሽ ነው?»

«የሻምፒዮናው ሰዎች የቀያሽ ወረቀት ይጠይቃሉ። ወረቀት ሲጠፋ የሚሰረዘው የእርስዎ ሪባን አይደለም፣ የሷ ስም ነው። ዓለም ፊት አጭበርባሪ የምትባለው እሷ ናት። ዛሬ ይለካ፤ ይስተካከልና እንደገና ትዋኝ። ጊዜ አላት።»

«አንቺ ቀያሽ ነሽ?»

«ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ።»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ።» ወረቀታቸውን አስተካከሉ። «ኮሚቴ ይቋቋማል። እስከዚያው ገንዳው ላይ ሜትር የሚዘረጋ ሰው እንዳላይ።»

ኮሚቴው ተቋቋመ። ሰብሳቢው ማን ነበሩ? ራሳቸው። ማክሰኞ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም፤ ሐሙስ ቃለ ጉባኤ ያዡ ታመመ፤ በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ «ጉዳዩ በጥንቃቄ እየታየ ነው» የሚል ደብዳቤ ወጣ። አዘጋጄ «ኮሚቴው ሳይጨርስ አናትምም» አለኝ፣ እኔም ጠበቅኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ምላሴ ስለት ነው እያልኩ እየተመጻደቅኩ፣ ስምንት ቀን ሙሉ በሰው ደብዳቤ ታስሬ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልምምድ ላይ ሄድኩና ያየሁትን ሁሉ ለሽቦ ነገርኳት። አሰልጣኙ በመሀላችን ገቡ።

«ልጅቷን ልታስቀሪያት ነው? አልፋለች። አለቀ።»

«ተዉዋት፣ ጋሼ» አለች ሽቦ። «ሜትር ይዘሻል?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«አምጪው።»

የብረት ሜትሩን ጫፍ ይዛ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ዋኘች፤ እኔ ወዲህኛው ዳር ላይ በሆዴ ተኛሁ። ወጥረን አነበብን። አልተማመንንም፤ ቦታ ተለዋውጠን ደገምነው። አርባ ዘጠኝ ሜትር ከዘጠና አራት። ሽቦ ውሃው ውስጥ ቆማ ቁጥሩን ብዙ አየችው።

«ታዲያ ያ ሰዓት የኔ አይደለማ» አለች። «የግንበኛው ነው።»

አሰልጣኙ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። «ጠርጥሬ ነበር» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ጣቷን ሳይ ጠርጥሬ ነበር።»

«ጠርጥረው ብረት አስነስቼ ነው አሉኝ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አሳልፌ አላውቅም፣ ልጄ።»

ሜትሩን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቁጥሩን ሲያይ አዘጋጁም ተሸነፈ፤ ረቡዕ ጋዜጣው ነገሩን ይዞ ወጣ። ኃላፊው በሬዲዮ ቀርበው እድሳቱን የሚያጠለሹ ምቀኞች እንዳሉ ተናገሩ። ስለ ሜትሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አገር ውስጥ ሌላ ሃምሳ ሜትር ገንዳ የለም፤ ውጭ አገር ሄዶ ለመዋኘትም ቀኑ አይበቃም። ከሰዓት ስመለስ አሰልጣኙን ገንዳው ውስጥ አገኘኋቸው። ማንንም ሳያስፈቅዱ ውሃውን አንድ ሜትር ዝቅ አስደርገው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው በመሮና በመዶሻ የአራተኛውን መስመር ነጭ ሴራሚክ ይፈለፍላሉ። ዘበኛው ከዳር ቆሞ «ኧረ ያስሩዎታል» ይላቸዋል።

«ይሰሩኝ። መጀመሪያ ይቺን ጫፍ ልጨርስ።»

ሰማያዊው ምንም ሳይሆን ከሥር ወጣ። ወዲያኛውንም ጫፍ ፈለፈሉ። ሐሙስ ሲሞላ ዋለ። ዓርብ ጠዋት፣ ምዝገባው በሚዘጋበት ዕለት፣ አሰልጣኙ ለምነው ያመጡት ቀያሽ ለካና ሃምሳ ሜትር ከአምስት ሚሊ ሜትር ብሎ ፈረመ። ከጋዜጣው በኋላ እምቢ ማለት አሳፍሯቸው ኃላፊው ዳኞቹን ልከዋል፤ ራሳቸውም ሱፋቸውን ለብሰው መጥተዋል።

ሽቦ ብቻዋን ዋኘች። ስትመጣ የምትሸሸው፣ ስትሄድ የምታባርረው ሰው አልነበረም፤ ሌሎቹ ሰባት መስመሮች ባዶ ናቸው። ሃያ ሁለት ቀዘፋ ሄደች። ስትመለስ ሃያ ስድስተኛዋ ላይ እጇ እንደ ገመድ ተወጥሮ ነካ። እንዲያ ያለ አነካክ አይቼላት አላውቅም። ቀና ብለን ሰሌዳውን አየን።

አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ ከአርባ ሁለት።

ሁለት መቶኛ። ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ የሚፈጀውን እንኳ አይሞላም።

ኃላፊው ወደኔ ዞሩ። «ይኸው፣ በጋዜጣሽ አስቀረሻት። አሁን ደስ አለሽ?»

መልስ አጥቼ አላውቅም። ግን ሽቦ ቀደመችኝ። የመስመሩን ገመድ በብብቷ ይዛ፣ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ተናገረች።

«ያቺን ስምንት ቀን ሰጥተውኝ ቢሆን ሦስቴ እዋኛት ነበር። በአንዱ አልፍ ነበር።»

«እንደምታልፊ በምን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። እንዳናውቅ ያደረጉን እርስዎ ነዎት።»

ኃላፊው ዙሪያቸውን አዩ። ዳኞቹ ሰዓታቸውን መጠቅለል ጀምረዋል፤ ቀያሹ ጫማውን ያስራል። ቀና ያለላቸው አልነበረም። «በይ እንግዲህ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፌዴሬሽኑ ሁለተኛ ዕድል ሰጥቷት አልተሳካላትም ብለሽ ጻፊው። ለሷም ክብር ነው።»

ሽቦ ሻወር ገብታ ውሃውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ሌላ ድምፅ እንዳንሰማ ነው። አሰልጣኙ ፎጣዋን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ጣታቸው በመሮው ተልጧል።

እኔ ለአዘጋጁ ደወልኩ።

«‹ሽቦ ሳታልፍ ቀረች› ልበለው ርዕሱን?» አለኝ።

«አትበል። ‹ኮሚቴው የበላው ስምንት ቀን› በለው። ከሥሩ መጀመሪያ መስመር ላይ የኃላፊውን ስም ጻፍ።»

«ትንሽ ብናለዝበውስ? ሰውየው ዝም አይልም።»

«እስካሁን ዝም በማለት ነው ልጅቷን የቀበሯት። ጻፍ እንጂ። ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጻፍ፤ ከሌላ ሰው ጋር እንዳይምታታብን።»