ጀርባቸው ያልተቀባ ሰባት ጌጦች

ስምንት ነበር የተባልነው። ባለሱቋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ «ለመጀመሪያ ስምንት የአንገት ጌጥ ይበቃኛል፤ ዓርብ አድርሱልኝ» አሉ። ጨዋ ሰው ቢሆን «እሺ» ብሎ፣ አመስግኖ ይወጣል። እኔ ግን መች አስችሎኝ። «ስምንት ምን አላት፣ አሥራ ሁለት እናመጣለን» አልኩ። እትዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ከአፌ ወጥቷል።

ሰፈሩ «ጥድፊያ» የሚለኝ ያለ ነገር አይደለም። ሻይ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አቅቶኝ ምላሴን የማቃጥል፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የምመልስ፣ ተቀምጬ እንኳ እግሬ የማያርፍ ሴት ነኝ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናት። እናታችን እሷን ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ ነው የወለደቻት፤ እኔን ግን አዋላጇ ጫማዋን ሳታወልቅ ደርሼ ጠበቅኳት ይባላል።

ሥራችን ጌጥ ነው። እሳቱ የኔ፣ ሽቦው የእሷ። እኔ መዳብ እንደ ሳንቲም ክብ አድርጌ እቆርጥና በኮምጣጤና በጨው አጥበዋለሁ፤ ከዚያ የመስታወት ዱቄት በትንሽ ወንፊት ነፍቼበት የኤሌክትሪክ ምድጃው ውስጥ እከተዋለሁ። ዱቄቱ ቀልጦ መዳቡ ላይ ይተኛል፤ ሲወጣና ሲበርድ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ሮማን የመሰለ ቀይ ይሆናል። ኢናሜል የሚሉት ይሄንን ነው። እትዬ ትቀበለኝና ዙሪያውን በቀጭን ሽቦ ትጠመጥመዋለች፤ ከፊት ጠርዙን ብቻ ታቅፈዋለች፣ ከጀርባ ደግሞ እንደ መረብ ታስረዋለች። አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን በዚህ ኖረናል። እኔ እለፈልፋለሁ፣ እሷ ትጠመጥማለች።

አሁን ግን ጣቶቿ እያለቁ ነው። መገጣጠሚያቸው አብጧል፣ ብርጭቆ የምታነሳው በሁለት እጇ ነው። ሐኪሙ ቁርጡን ነገራት፤ «ሽቦውን ካልተውሽው ጣቶችሽ ይተዉሻል» አላት። ቤት መጥታ ይሄን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሌላ ምን ሥራ ትጀምራለች?

እና የባለሱቋ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሱቃቸው ዋናው መንገድ ላይ ነው፣ ትልቅ መስኮት አለው፣ የእጅ ሥራ ብቻ ነው የሚሸጡት። ጌጣችንን ባዛር ላይ አይተው ወደዱት፤ የእትዬን አነጋገር ደግሞ ይበልጥ ወደዱት። «እኔ አርጅቻለሁ፣ ቆሞ የሚሸጥልኝ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ» አሏት። «ጌጣችሁ አንድ ሳምንት መስኮቴ ላይ ይቀመጥ። በሳምንቱ ቅዳሜ መጥተሽ ከኔ ጋር ትውያለሽ፤ ካማረኝ ከሰኞ ጀምሮ ወንበሩ ያንቺ ነው።» ደመወዝ ያለው፣ ጣት የማይፈልግ ሥራ! እትዬ ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እንደ ልጅ ከመንገዱ ጠርዝ ወጣ ገባ ስትል ነበር።

እንግዲህ እኔ በዚህ ላይ ነው አሥራ ሁለት ብዬ የመጣሁት።

የኛ ሥራ አንድ ሕግ አለው። ከፊቱ በፊት ጀርባውን ቀባ። መስታወትና መዳብ ሲበርዱ እኩል አይኮማተሩም፤ መዳቡ በአንድ ወገን ብቻ መስታወት ከተሸከመ ይጣመማል፣ መስታወቱም ይሰነጠቃል። ወይ በሰዓቱ፣ ወይ በሳምንቱ። በሁለቱም ወገን ሲሆን ግን ተመጣጥኖ ይቆማል። ጀርባውን መቀባት ማለት ሌላ መንፋት፣ ሌላ ማድረቅ፣ ሌላ ዙር ምድጃ ማለት ነው። ይሄን ጀማሪ እንኳ ያውቃል።

ረቡዕ ጠዋት አምስቱን በደንብ ሠርቼ ጨረስኩ። ሰባት ቀሩኝ። እትዬ በዚያ እጇ ለመጠምጠም ሁለት ቀን እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ሰዓቱን አየሁ፣ ምድጃውን አየሁ። ጀርባውን ማን ያየዋል፣ ሽቦው ይሸፍነው የለ፣ አልኩ ለራሴ። ሰባቱንም ፊታቸውን ብቻ ቀብቼ ከተትኳቸው። ሲወጡ ደግሞ እንዴት አማሩ መሰላችሁ! ከአምስቱ ይበልጥ አማሩ። እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል።

እትዬ የመጀመሪያውን አንስታ ገለበጠችው።

«ጀርባው ምነው ባዶ ሆነ?»

«አዲስ ዘዴ ነው» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «መዳቡ በሽቦው መሃል ሲታይ ያምራል። ቀለልም ይላል።»

«አይሰነጠቅም?»

«ዱቄቱ ሌላ ነው፣ እትዬ። እኔ እያለሁ ምን አስጨነቀሽ?»

«እሰይ» አለች። «እጅሽ እኮ የተባረከ ነው» ብላ ሽቦዋን አነሳች። ሁለት ቀን ሙሉ ጣቶቿን ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከረች፣ እያወጣች ጠመጠመች። አንጀቴን በላችው። ግን አንዳንዴ ይተርፋል እኮ፣ እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

ዓርብ አስረከብን። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አትጠይቁኝ። ባለሱቋ አሥራ ሁለቱንም መስኮቱ ላይ ደረደሯቸው፤ መስኮቱ ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ይመታዋል፣ ከሰዓት ጥላ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት እንዲህ ያለው ጌጥ ቶሎ ነው የሚሄደው። በማግስቱ ቅዳሜ በዚያ አለፍኩ። እሑድ ሱቁ ዝግ ነበር፣ እኔ ግን መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ ቆሜ ጥበቃው አባረረኝ። ሰኞ ሁለቴ ሄድኩ። ማክሰኞ ገብቼ፣ «ፀሐይ ቀለሙን እንዳይጎዳው መጋረጃውን ልጋርድልዎ?» አልኳቸው። ባለሱቋ በመነጽራቸው አናት አዩኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ሥራ የለሽም እንዴ?» አሉኝ።

ቤት ውስጥም አላረፍኩም። መዳብ ልቆርጥ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ወንፊቱን አጥባለሁ፣ የታጠበውን መልሼ አጥባለሁ። እትዬ ለቅዳሜ የምትለብሰውን ቀሚስ ስትተኩስ፣ ለደንበኛ የምትለውን ለራሷ ስትለማመድ እሰማታለሁ። «ይሄ ጀርባው ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ የእህቴ ፈጠራ ነው» ትላለች። ልነግራት አፌን ከፍቼ «ቀሚሱ ያምርብሻል» ብዬ የዘጋሁት ስንቴ ነው!

ሐሙስ ላይ ላጽዳቸው ብዬ ገብቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዱ ሰማያዊ ላይ ከጠርዙ እስከ መሃሉ ፀጉር የምታክል መስመር ወጥታለች። ከኔ በቀር ማንም አያያትም። ያን ጊዜ «ይሄን ልውሰደው፣ ተበላሽቷል» ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ባለሱቋ «ለምን ተበላሸ?» ይላሉ፣ የቀሩትን ስድስቱንም ገልብጠው ያያሉ፣ የእትዬ ወንበር ይቀራል። መስመሯ ያለችበትን ወገን ወደ ጥላው አዙሬ አስቀምጬው ወጣሁ።

ቅዳሜ እትዬ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። እኔም «ላድርስሽ» ብዬ ተከትዬ ገብቼ አልወጣ አልኩ፤ ባለሱቋም ሰልችተው ተዉኝ። እውነቱን ለመናገር እህቴ ለዚያ ሥራ የተፈጠረች ናት። ሰው ሲገባ አትሻማም፣ አትለማመጥም። ሰዉ ራሱ ቀስ እያለ ወደ እሷ ይመጣል። ባለሱቋ ከኋላ ተቀምጠው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየኋቸው። እስከ ረፋዱ ሁለት ሻርፕ፣ አንድ ቅርጫት፣ ከአምስቱ ደህና ጌጦች አንዱ ተሸጠ።

ከዚያ አንዲት ደንበኛ ገባች። ሴት ልጇ ልትመረቅ ነው፣ ስጦታ ፈልጋለች። መስኮቱ ላይ ያለውን ያን ሰማያዊ ለእትዬ በጣቷ ጠቆመቻት። እትዬ ከፀሐዩ አነሳችው፣ ገለበጠችው፣ «ጀርባውን አየሽልኝ? መዳቡ እንዲታይ ተብሎ ነው። የእህቴ ዘዴ ነው» ብላ በሴትየዋ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። የሴትየዋ እጅ ቀዝቃዛ ነበር መሰለኝ። ጠቅ አለ። ትንሽ ድምፅ ናት፣ ግን ሱቁ ውስጥ ያለን ሁላችን ሰማናት። የጥፍር ያህል ሰማያዊ መስታወት ተላቆ መሬት ወደቀ።

«ውይ፣ እኔ ምንም አላደረግኩም» አለች ደንበኛዋ።

«የለም፣ የኔ እመቤት፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አሉ ባለሱቋ። ሌላ ስጦታ አሳይተው፣ በፈገግታ ሸኟት። በሩ እንደተዘጋ ፈገግታው ጠፋ። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ከመስኮቱ ጀርባቸው ባዶ የሆኑትን ስድስቱን ለቅመው ጠረጴዛው ላይ እያገላበጡ ደረደሯቸው። ሁለቱ ላይ ሌላ መስመር ተገኘ።

«እስቲ ንገሩኝ» አሉ። «ይሄ የማን ዘዴ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። እትዬ እግሬን ረገጠችው፣ በኃይል።

«የኔ ነው» አለች። «የእህቴ ነው ያልኩት ላሞግሳት ብዬ ነው። እሷ ጀርባውን ልቀባው ስትል ተዪው ያልኳት እኔ ነኝ። ሽቦው እንዲያምር ብዬ።»

በሕይወቷ ስትዋሽ አይቻት አላውቅም። ድምፅዋ ግን ፍንክች አላለም። ባለሱቋ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ ብዬ ነቀነቅኩ።

«እንግዲያው ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት እትዬን፣ እያዘኑ። «የማታውቂውን ነገር ለደንበኛዬ እንድታወሪልኝ አልፈልግም። አንቺ ደግሞ» አሉኝ፣ «እነዚህ ጀርባቸው የተቀባው አራቱ ጥሩ ናቸው። እንደነዚህ ያለውን ታመጪልኛለሽ።»

ወጣን። እትዬ ሰባቱን በመሐረብ ቋጥራ ይዛለች። መንገዱ ጥግ ያለው ጫማ ጠጋኝ ጋ ስንደርስ ቆምኩ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ጠቅ ሲል።»

«ታዲያ ለምን?»

«የኔ እጅ አልቋል» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። «ያንቺ ገና ነው። ኢናሜሏ ይሰነጠቃል ከተባለች ሴት ማን ይገዛል? አንዳችን መሥራት አለብን። ተዪው አሁን፣ ሆድ ይፍጀው።»

ሆድ ይፍጀው ስትል እኔን አላስቻለኝም። እዚያው ጥያት ተመልሼ ሮጥኩ። ባለሱቋ የወደቀውን መስታወት እየጠረጉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አሥራ ሁለት ማለቴን፣ ረቡዕን፣ ዱቄቱ ሌላ ነው ማለቴን፣ ሐሙስ ያየኋትን መስመር። እያለከለክኩ፣ ሳልተነፍስ።

እስከምጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «እህትሽ ሰኞ ትምጣ» አሉ። «እሷም ዋሽታኛለች፤ ግን የዋሸችው በራሷ ላይ ነው። ያንቺን ሥራ ግን ከእንግዲህ እዚህ አላስቀምጥም። መስታወት ይሰነጠቃል፣ ለዚያ አይደለም። እሷ ስትወድቅ ቆመሽ አየሽ፣ ራስሽንም ነቀነቅሽ።»

ወጣሁ።

እትዬ ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። የምታቅፈኝ መስሎኝ ቀረብኳት። ወደ ኋላ አለች። ዓይኗ ሞልቷል።

«ማን ንገሪ አለሽ?» አለች።

«ወንበሩ ያንቺ ነው እኮ፣ እትዬ። ሰኞ ነይ ብለውሻል።»

«ወንበር መቼ ጠየቅኩሽ? እኔ ከፍዬ ጨርሼ ነበር። አንቺ አፍርሰሽው መጣሽ። እኔ የዋሸሁት ላንቺ ነው። አንቺ ግን እውነቱን የተናገርሽው ለራስሽ ነው፤ እንዲቀልልሽ።»

መንገድ ላይ ሰው እያየን ነበር። እውነቷን ነው፤ ቀልሎኝ ነበር። ገና ከሱቁ ስወጣ፣ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀልሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቀሚሷ ከኋላ የሚቆለፍ ስለሆነ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች፣ ሳትጠይቀኝ። ዘጠኝ ቁልፍ ነው። ቆለፍኩላት። ቦርሳዋን ይዛ፣ «ምሳ አትጠብቂኝ» ብላ ወጣች። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ላይ ማንም የለም።